መክሊትን ሳይቀብሩ ትሑት መሆን

በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ስጦታ ያላቸው ወጣቶች አሉ። የሰው ምስጋና ሲበዛባቸው «የማገለግለው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሰው ዐይን?» ብለው የሚጨነቁም ብዙ ናቸው። የሚከተለው ምልልስ ይህን ጭንቀት መነሻ አድርጎ የተጻፈ ነው። አንደኛዋ ተናጋሪ በመዘምራን መካከል በድምፅዋ የታወቀች ወጣት ናት፤ ሁለተኛው የንስሐ አባቷ ናቸው። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ጊዜው ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ነው።

ዘማሪት፦ አባቴ፣ ይፍቱኝ።

ቀሲስ፦ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ነይ ተቀመጪ።

ዘማሪት፦ የመጣሁት ፈቃድ ልጠይቅዎ ነው። ከመዘምራን ልውጣ ብዬ አስቤያለሁ።

ቀሲስ፦ ምን ገጠመሽ? ከሰው ተጋጨሽ?

ዘማሪት፦ ከማንም አልተጋጨሁም። ልቤ ነው ያስቸገረኝ። ድሮ መዝሙር ስጀምር ጆሮዬ ቃሉ ላይ ነበር፤ አሁን እልልታው ላይ ነው። ሕዝቡ ሞቅ ሲል ደስ ይለኛል፤ ዝም ካለ ቤቴ ገብቼም ይከነክነኛል። መዝሙሩ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ ወዲህማ ባሰብኝ። ሰው ምን ብሎ እንደ ጻፈ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ውዳሴ ከንቱ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ነፍሴን ከማጣ አገልግሎቱ ቢቀርብኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ቀሲስ፦ ሕመምሽን በስሙ ጠርተሽዋል፤ ብዙ ሰው እዚህ እንኳ አይደርስም። መድኃኒቱን ግን የተሳሳትሽ ይመስለኛል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ መዘመር ብትተዪ ማን ይጠቀማል?

ዘማሪት፦ እኔ። ከትዕቢት እድናለሁ።

ቀሲስ፦ ማንስ ይጎዳል?

ዘማሪት፦ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም። ከእኔ የተሻለ ድምፅ ያላቸው አሉ።

ቀሲስ፦ ሐዘን ደርሶባት መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ መዝሙራችሁን እየሰማች የምታለቅስ እናት አላየሽም? ከአንቺ ዜማ የሚማሩ ሕፃናትስ የሉም? ለመውጣት ስታስቢ እነዚህ አንዳቸውም ትዝ አላሉሽም። አባቶቻችን «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» ይላሉ። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው በውርደት ስለሚያልቅ ኩራት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። እዩኝ የምትለውም ደብቁኝ የምትለውም ከራሷ ላይ ዐይኗን አላነሣችም። ትሕትና የሚጀምረው ዐይናችን ወደ ሌላው ሰው ሲዞር ነው።

ዘማሪት፦ ታዲያ ራስን መሸሸግ ትሕትና አይደለም ማለትዎ ነው? ቅዱሳን ከክብር ይሸሹ አልነበረም?

ቀሲስ፦ ይሸሹ ነበር። ከምን እንደ ሸሹ ግን መለየት ያስፈልጋል። ማር ይስሐቅን ታውቂዋለሽ። በትርጓሜ ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር የሚቆጠረው አራተኛው ጉባኤ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳትም አንዱ የእርሱ ነው፤ ሁለቱ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ከ5 ወር በኋላ መንበሩን ትቶ ወደ ብሕትውና ሄደ።

ዘማሪት፦ እኔስ ያሰብሁት ይህንኑ አይደለም? እርሱ ሸሸ፤ እኔም ልሽሽ።

ቀሲስ፦ ጥሩ አልሽ። የተወው ሹመቱን ነው። የተሰጠውን ጸጋ ግን አልተወም። በበረሃ ሆኖ ስለ ጸሎት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ጻፈ፤ የጻፈውም በሱርስት ተነሥቶ ወደ ብዙ ቋንቋ ተመለሰ፤ እኛም ዘንድ ደርሶ በግእዝና በአንድምታ ይነበባል። መንበሩን ሲለቅ መክሊቱን ቀብሮት ቢሆን ኖሮ አንቺና እኔ ዛሬ ስሙን አናነሣም ነበር። አንቺ ልትተዪ የፈለግሽው ጭብጨባውን ከሆነ እሰየው፤ እኔም አግዝሻለሁ። ድምፅሽን ግን ማን ሰጠሽና ነው የምትቀብሪው?

ዘማሪት፦ መክሊቱን የቀበረው ሰው ታሪክ ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ግን ያ ሰው ሰነፍ ስለ ነበር አይደለም የተፈረደበት?

ቀሲስ፦ ስንፍናው እንዳለ ሆኖ፣ ራሱ የሰጠውን ምክንያት አስታውሺ፤ ፈራሁ አለ። ደግሞም የተሰጠው ትንሽ ነበር ብለሽ እንዳታስቢ። በዚያ ዘመን አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። እንግዲህ አስቢው፤ ያ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ የ20 ዓመት ያህል ደመወዝ ነው መሬት ቆፍሮ የቀበረው። ጌታችን በዚህ ምሳሌ ያነስሁ ነኝ ለሚለው ሰው እንኳ ብዙ እንደ ተሰጠው አስተማረን። አምስት የተቀበለው ይኩራ እንዳይባል ገንዘቡ የጌታው ነው፤ አንድ የተቀበለውም ምን አለኝ ብሎ እንዳይቀመጥ የያዘው ብዙ ነው። ፍርሃት የትሕትናን ልብስ ለብሶ ሲመጣ የሚለየው በዚህ ነው፤ ትሕትና ያተርፋል፣ ፍርሃት ይቀብራል።

ዘማሪት፦ ስጦታ ባይኖረኝ ይቀለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ስጦታና ትሕትና አብረው የሚሄዱ አይመስሉኝም።

ቀሲስ፦ ይህ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም፤ ከቆሮንቶስ ጀምሮ የነበረ ነው። ቆሮንቶስ ምን ዓይነት ከተማ እንደ ነበረች ታውቂያለሽ? ሮማውያን አፍርሰዋት ከቆየች በኋላ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት እንደገና መሠረታት። በሁለት ወደቦች መካከል የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። ከሰፈሩባት ሰዎች ብዙዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ነበሩ፤ ሠርቶ፣ ነግዶ፣ ስም አውጥቶ ከፍ ማለት የሚቻልባት ከተማ ሆነች። በአጠገቧ በየ2 ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይካሄድ ነበር፤ አሸናፊው በሕዝብ ፊት አክሊል ይደፋል። ሰው ሁሉ መቅደም የሚፈልግበት አገር ነበር። ጳውሎስ በዚያች ከተማ አንድ ዓመት ተኩል ተቀመጠ፤ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ እየኖረ አስተማረ።

ዘማሪት፦ ከሄደ በኋላ ነው ችግሩ የተነሣው?

ቀሲስ፦ አዎ። በኤፌሶን ሳለ ወሬው ደረሰውና በ50ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ መልእክቱን ላከላቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በጸጋ የበለጸገች ነበረች፤ ልሳን፣ ትንቢት፣ ፈውስ፣ እውቀት ሁሉ ነበራት። ስለ ስጦታዎቹ ከመናገሩ በፊት ግን ምን እንደ ገሠጻቸው ታስታውሻለሽ?

ዘማሪት፦ ስለ ማዕዱ ይመስለኛል።

ቀሲስ፦ አዎ፤ ምዕራፍ 11 ላይ ነው። ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ አንዱ ጠግቦና ሰክሮ፣ ሌላው ተርቦ ይቀመጥ ነበር። በልሳን የሚናገሩ፣ ትንቢት የሚተነብዩ ሰዎች አጠገባቸው የተራበው ወንድማቸው አልታያቸውም። ስለ ጸጋ ስጦታዎች የምናነበው ምዕራፍ 12 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ ምዕራፍ 13 ስለ ፍቅር ነው፤ ምዕራፍ 14 ደግሞ በጉባኤ ሥርዓት ስለ መያዝ። ፍቅርን መካከል ላይ ያኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስጦታው ከማዕዱ ጋር፣ ጉባኤው ከተራበው ሰው ጋር የሚታረቀው በእርሷ ነው።

ዘማሪት፦ እኛ ጋ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ስሙ የሚነሣው ሰባኪውና ዘማሪው ነው። ሌላው ስጦታ ያለው አይመስልም።

ቀሲስ፦ ጳውሎስ የዘረዘረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። በምዕራፉ መጨረሻ ሐዋርያትን፣ ነቢያትን፣ አስተማሪዎችን፣ ተአምራትን፣ ፈውስን ይጠራል። ከፈውስ ቀጥሎ ምን አለ? እርዳታ። ልሳን የመጣው ከዝርዝሩ በመጨረሻ ነው። መርዳት ብቻ፣ ሌላ ማዕረግ ሳይጨመርበት፣ ከተአምራትና ከፈውስ ጋር በአንድ ረድፍ ተቆጠረ። ለሮሜ ሰዎች በጻፈውም መስጠትንና ምሕረት ማድረግን ከትንቢትና ከማስተማር ጋር ደምሮ ከስጦታ ይቆጥራቸዋል።

ዘማሪት፦ መርዳት ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ስጦታ አይመስለንም።

ቀሲስ፦ ሁሉም ያደርገዋል? ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ጫማ በምናወልቅበት ደረጃ ላይ የሚቀመጡትን አዛውንት አይተሻቸው ታውቂያለሽ?

ዘማሪት፦ ከዘራ የያዙት፣ አሮጌ ካፖርት የሚለብሱት?

ቀሲስ፦ እርሳቸው። ክረምት ላይ በቅዳሴ መካከል ዝናቡ ሲመጣ እኛ ውስጥ ሆነን የምንሰማው የቆርቆሮውን ድምፅ ነው። እርሳቸው ይነሡና ጫማዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ወደ ጣሪያው ጥግ ያስጠጋሉ። የሕፃናቱን በአንድ ወገን ያደርጋሉ፤ እናቶች እንዳይቸገሩ። ጎርፍ የደረሰበትን በያዙት ጨርቅ ይጠርጋሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ጎንበስ ባሉ ቁጥር አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ደረቅ ጫማ አድርጎ ይሄዳል፤ ማን እንዳደረቀለት የሚጠይቅ የለም። እርሳቸውም አይናገሩም። ስጦታ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ዘማሪት፦ እኔም ደረቅ ጫማ አድርጌ ወጥቻለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አላውቅም።

ቀሲስ፦ አሁን ልብ አልሽ። ሌላ ምሳሌ ልጨምርልሽ። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት ጴጥሮስን አስጠሩት። ሰገነቱ ላይ ሲወጣ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት፤ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ አውጥተው አሳዩት። ስለ ስብከቷ የተነገረ ነገር የለም፤ ስለ ድምፅዋም እንዲሁ። ምስክሮቿ ገላቸው ላይ ያለው ልብስ ነበር። የአንድ ሰው ስጦታ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ በሌሎች ሰዎች ላይ ተገኝቶ።

ዘማሪት፦ አባቴ፣ ይህን ሁሉ ልቤ ተቀበለው። የቸገረኝ ግን ሲያመሰግኑኝ ምን ልበል ነው። «እኔ ምንም አይደለሁም» ስል ደግሞ ያው ትሕትናዬን እንዲያዩልኝ የምናገር ይመስለኛል።

ቀሲስ፦ ልክ ነሽ፤ እንደዚያም ይሆናል። «እኔ ምን አለኝና» የሚለው ቃል አንዳንዴ ሌላ ምስጋና የሚጎትት ገመድ ነው። ስለዚህ አታራዝሚው። ሰው «መዝሙርሽ ልቤን ነካው» ሲልሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» በዪና ስለ እርሱ ጠይቂው፤ እንዴት ሰነበቱ፣ ልጅዎ ተሻለው ወይ በዪ። ወሬው ከአንቺ ወደ እርሱ ይሻገራል። ውሸትም አልተናገርሽ፤ ጸጋውንም አልካድሽ። ትሕትና እውነትን ይወዳል። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው «ድምፄ መጥፎ ነው» ቢል ዋሸ እንጂ ትሑት አልሆነም።

ዘማሪት፦ ስልኩስ?

ቀሲስ፦ ስልኩን ለሌላ ሰው ስጪው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚዲያ ክፍል የሚጻፈውን ያንብብ፤ የሚጠቅም አስተያየት ካለ ይንገርሽ። አንቺ በሚመጣው ጾም ወራት አታንብቢ። ከምግብ የምንጾመው ሥጋችን ምን ያህል እንደሚገዛን ለማየት አይደል? ከምስጋናም እንዲሁ መጾም ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱሻል፤ ያ ክብደት ራሱ ምን ያህል ተይዘሽ እንደ ነበር ያሳይሻል። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለውን ታውቂያለሽ፤ ሰው በምስጋና ብዛት የማያውቀውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል።

ዘማሪት፦ ሌላስ ምን ላድርግ?

ቀሲስ፦ ማንም የማያይልሽን ሥራ ያዢ። ሰንበቴ ቤት ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ብርጭቆና ሳሕን የሚያጥቡት እነዚያው ሦስት እናቶች ናቸው። ሄደሽ እጠቢ፤ ለማንም አትንገሪ፤ ፎቶም አያስፈልገውም። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ የአገልጋይ ሥራ ነበር የሠራው። ከታጠቡት እግሮች ሁለቱ የይሁዳ ነበሩ። እኛም ዛሬ በዚያ ቀን ካህናት ጎንበስ ብለን በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር እናጥባለን፤ ሥርዓቱ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ትምህርቱ ግን ለየቀኑ ነው።

ዘማሪት፦ እርስዎ ስለ ሰንበቴ ሲያነሡ ቤታችን ትዝ አለኝ። ከልምምድ ስመለስ ደክሞኝ ነው የምገባው፤ እናቴ ምጣዱ ላይ ትሆናለች።

ቀሲስ፦ ምን ታደርጊያለሽ?

ዘማሪት፦ አንዳንዴ አግዛታለሁ። አንዳንዴ ግን ክፍሌ ገብቼ የነገውን መዝሙር አጠናለሁ።

ቀሲስ፦ የነገው መዝሙር ስለ ማን ነው?

ዘማሪት፦ ስለ እመቤታችን።

ቀሲስ፦ እንግዲህ ያንቺም እናት አጠገብሽ ናት። መጀመሪያ ሊጡን አቡኪላት፤ መዝሙሩን እዚያው ምጣዱ አጠገብ ሆነሽ አጥኚ፤ እርሷም ትስማው። ዐውደ ምሕረት ላይ ለሺህ ሰው የሚበቃ ጸጋ ለአንድ የቤት ሰው ካልተረፈ ችግር አለበት። አንድ ሰው ትሑት መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ጉባኤውን ተዪና ቤተሰቡን ጠይቂ፤ ቤተሰብ አይሸነገልም።

ዘማሪት፦ አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። አዲስ የገባች አንዲት ልጅ አለች፤ ድምፅዋ ከእኔ ይበልጣል። መምህራችን ባለፈው የመሪነቱን ክፍል ለእርሷ ሰጧት። አጨበጨብሁ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ።

ቀሲስ፦ ይህን መናገርሽ መልካም ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርት ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኢየሱስ እየሄደ ነው ብለው ለመምህራቸው ነገሩት፤ ቅር ብሏቸው ነበር። ዮሐንስ ግን ደስ አለው። ራሱን የሙሽራው ሚዜ አደረገ፤ ሚዜ በሙሽራው ይደሰታል እንጂ አይቀናበትም። አንቺም ልጅቷን ራቅ ብለሽ አትመልከቻት፤ ቅረቢያት። የምታውቂውን ሁሉ አስተምሪያት፤ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከበሮው ሲፈጥን እንዴት እንደሚዘለቅ አሳዪያት። ያስተማርሻት ልጅ ስትበልጥሽ የምታገኚው ደስታ ቅናቱን ቀስ በቀስ ያወጣዋል። በቃል ብቻ አይወጣም፤ በሥራ ነው የሚወጣው።

ዘማሪት፦ እርሷ ብታርመኝስ? ከእኔ በኋላ የመጣች እኮ ናት።

ቀሲስ፦ አጵሎስን አንብቢ። የእስክንድርያ ሰው ነው፤ አንደበተ ርቱዕ፣ በመጻሕፍት የበረታ። በኤፌሶን ምኩራብ ሲያስተምር አቂላና ጵርስቅላ፣ እነዚያ ድንኳን ሰፊዎች፣ ሰሙት፤ የጎደለው ነገር ነበር። በሕዝብ ፊት አላዋረዱትም፤ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። እርሱም «እናንተ ማን ናችሁ?» አላለም። ከዚያ በኋላ ወደ አካይያ ሄዶ አማኞችን እጅግ ጠቀመ። ተቀብሎ ስለ ተማረ ይበልጥ የሚጠቅም ሆነ። አራሚዎቹ ያረሙበትን መንገድም አስተውዪ፤ እነርሱም ትሑታን ነበሩ።

ዘማሪት፦ አንድ ነገር ግን ልቃወምዎ፤ ይፍቀዱልኝና። ትሕትና የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለታናሹ ነው። ሴቷ ስትናገር «ትሑት ሁኚ» ትባላለች። ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛ «ትዕግሥት ይኑርሽ» ትባላለች። ወጣት ስሕተት አይቶ ሲጠይቅ «ትዕቢተኛ» ይባላል። ይህስ?

ቀሲስ፦ የተቃወምሽው ትክክል ነው፤ እኛም ካህናት ልንሰማው ይገባል። ትሕትና ሰው ለራሱ የሚወስደው እንጂ በሌላው ጫንቃ ላይ የሚጭነው አይደለም። የበላዩ የበታቹን ዝም ለማሰኘት ሲጠቀምበት ግፍ ይሆናል። ጌታችን ራሱ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ፣ ክፉ ከተናገርሁ መስክር፣ ካልሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ የሚል ጥያቄ አቅርቧል። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ በስውር ውጣ ሲባል ሮማዊ ዜጋ መሆኑን ተናግሮ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አደረገ። ሁለቱም እውነትን ተናገሩ፤ ሁለቱም አልተበቀሉም። ያቺ ሠራተኛ ደመወዟን ትጠይቅ፤ ትሑት መሆን ያለበት የከለከላት ነው። አንቺም ስሕተት ስታዪ በአክብሮት ተናገሪ። በአክብሮት የተነገረ እውነት ከትሕትና ጋር አይጣላም።

ዘማሪት፦ እኔ ግን ስሕተት ሳይ ልቤ ቶሎ ይፈርዳል። በተለይ በሚያገለግሉ ሰዎች ላይ።

ቀሲስ፦ ሙሴ ጸሊምን አስቢው። ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሽፍታ ነበር፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰ። አንድ ወንድም በደለና ሊፈርዱበት አባቶች ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት። እምቢ ብሎ ቆየ፤ ግድ ሲሉት የሚያፈስስ ዕቃ በጀርባው አዝሎ መጣ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ጉባኤው ያንን ወንድም ይቅር ብሎ ተበተነ። ሙሴ በደሉን አላጸደቀም፤ የራሱን በደል ግን አልረሳም። ይህን ታሪክ ለመፍረድ ስትቸኩዪ አስታውሺው።

ዘማሪት፦ እነዚህ ሁሉ የገዳም ሰዎች ናቸው። ባንክ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እዚህ ይደርሳል?

ቀሲስ፦ የገዳሙ አባት ራሱ ይመስክርልሽ። የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ በበረሃ ሳለ በከተማ የሚኖር የሚተካከለው ሰው እንዳለ ተገለጠለት። ያ ሰው ሐኪም ነበር። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ሥላሴን ያመሰግናል። የሐኪም ሥራውን አልተወም፤ ከተማውንም አልለቀቀም። በዘፀአትም የእጅ ሥራ ባለሙያውን ባስልኤልን የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላው በወርቅ፣ በብር፣ በናስና በእንጨት እንዲሠራ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚቆጥረው በታማኝነቱ፣ ሹፌሩ አሮጊቷ ወርዳ እስክትሻገር በመታገሡ፣ መምህሩ ከኋላ የቀረውን ተማሪ ባለ መናቁ፣ ነርሷ ሌሊት ለሚያቃስት በሽተኛ በመነሣቷ በመንፈሳዊ ስጦታ ያገለግላሉ። ሰው ስጦታውን ሩቅ አገር እየፈለገ አጠገቡ ያለውን ሰው ያልፈዋል።

ዘማሪት፦ ስጦታዬ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? መዝሙር ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ቀሲስ፦ ሦስት ነገር ተመልከቺ። አንደኛ፣ አንቺ ስትሠሪው ሌላው ሰው ይጠቀማል? ሁለተኛ፣ የሚያውቁሽ አባቶችና ወንድሞች ይመሰክሩለታል? ስጦታን ሰው ለራሱ ብቻውን አያጸድቅም። ሦስተኛ፣ ማንም ሳያይሽም ትሠሪዋለሽ? ያለ ተመልካች የምትዘምሪ ከሆነ መዝሙሩ ስጦታሽ ነው። ተመልካች ሲጠፋ የሚጠፋ ከሆነ ገና መንጻት ይፈልጋል፤ የሚነጻው ደግሞ በጸሎት፣ በንስሐና ቅድም በነገርሁሽ ትንንሽ ሥራዎች ነው። ትሕትና በአንድ ጉባኤ አይገኝም፤ በዕድሜ ልክ ይለመዳል።

ዘማሪት፦ ሳልነጻስ ልዘምር? ልቤ እስኪስተካከል ብጠብቅ አይሻልም?

ቀሲስ፦ ልቡ ፍጹም እስኪጠራ የጠበቀ ሰው ቢኖር ማን ይቀድስ፣ ማን ያስተምር ነበር? ቆሮንቶሶችን ጳውሎስ ስጦታችሁን አቁሙ አላላቸውም። ጸጋን እንዲፈልጉ አደፋፈራቸው፤ በፍቅር መንገድ እንዲሄዱ አዘዛቸው። እንግዲህ የምልሽን ስሚ። ከመዘምራን አትውጪ። የመሪነቱን ክፍል ለዚያች ልጅ ሲሰጧት አጃቢ ሆነሽ ከልብሽ ተቀበያት። በጾሙ ወቅት ስለ አንቺ የሚጻፈውን አታንብቢ። በየሰንበቱ ሰንበቴ ቤት ዕቃ እጠቢ። ቤትሽ ስትገቢ እናትሽን ሳታግዢ መዝሙር አታጥኚ። ከጾሙ በኋላ መጥተሽ ልብሽ እንዴት እንደ ሆነ ትነግሪኛለሽ።

ዘማሪት፦ እሺ አባቴ። ይጸልዩልኝ።

ቀሲስ፦ እጸልይልሻለሁ፤ አንቺም ለእኔ ጸልዪ። ካህኑም በሕዝብ ፊት የሚቆም ሰው ነው፤ ፈተናው አንድ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዘማሪ ባትሆኑም ነገሩ ይመለከታችኋል። እግዚአብሔር ባዶ እጁን የሰደደው ሰው የለም፤ አንዱ ማስተማር፣ አንዱ መስጠት፣ አንዱ የታመመን መጠየቅ፣ አንዱ ዝም ብሎ መርዳት ተሰጥቶታል። የያዛችሁትን አትቅበሩ፤ የእኔ ነው ብላችሁም አትኩሩበት። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ስጦታችሁን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ተመልከቱና ከእርሱ ጀምሩ።